ማን የማን ሹም ነበር? የሞንጎልና የቱርክ ግዛቶችን የማዕረግ ስሞች አንብቦ የመፍታት ዘዴ

በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ስለነበሩት የሞንጎልና የቱርክ ግዛቶች የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው የሰዎቹ ስም ላይ ነው። በአንድ ገጽ ኪትቡቃ ኖያን ይላል፣ በሌላው አሚር ኪትቡቃ፣ በሦስተኛው ኪትቡቃ ባዑርቺ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ በኢራን የኢልካኖችን መንግሥት የመሠረተው የሁላጉ ጦር መሪ የነበረውና በ1260 ፍልስጤም ውስጥ በዓይን ጃሉት ጦርነት ላይ የሞተው። ባዑርቺ ማለት ደግሞ የካኑን ማዕድ የሚያሰናዳ ማለት ነው። የማዕድ ቤት ሹም እንዴት 12,000 ጦር ይዞ ቀድሞ ይዘምታል? ይህ ጥያቄ ከተመለሰ የቀረው ሁሉ ይቀላል፤ መልሱም ማዕረጉ ሰውየው ለካኑ አካል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይናገራል የሚል ነው። የሥራው ዝርዝር ሁለተኛ ነገር ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የትርጉም ጽሑፍ ለሚያነቡ፣ ለሚተረጉሙና ስለዘመኑ ለሚጽፉ ይሆናል። ወረቀት ያዘጋጁና አራት ዓምድ ያስምሩበት፦ ስም፣ ሥራ፣ ክብር፣ ዝምድና። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይበቃል።

መጀመሪያ ግዛቱንና ዓመቱን ይለዩ

ከ1260 በኋላ የሞንጎል ግዛት በተግባር አራት ቦታ ተከፈለ፦ በቻይና የዩዋን መንግሥት፣ በኢራን ኢልካኖች፣ በቮልጋ ዳርቻ የጆቺ ዘሮች ግዛት (ወርቃማው ኦርዳ የሚባለው)፣ በመካከለኛው እስያ የቻጋታይ ዘሮች ግዛት። ከ1370 ጀምሮ ደግሞ ቲሙር ሳማርካንድ ላይ ተነሣ። አንድ ማዕረግ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ክብደቱ ይለወጣል። ባስቃቅ በ13ኛው መቶ ዘመን በሩስ ምድር ግብር የሚያስገባ የሚፈራ ሰው ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የሩስ መሳፍንት ግብሩን ራሳቸው ሰብስበው ማስረከብ ሲጀምሩ ባስቃቅ ከዚያ አገር ይጠፋል። በ1370ዎቹ ሞስኮ ላይ ባስቃቅ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ምንጩ የሂጅራ ዓመት ከሰጠ ቁጥሩን በ0.97 ያባዙና 622 ይደምሩበት፤ 800 ሂጅራ 776 ሲደመር 622፣ ማለትም 1398 ይሆናል። ስሌቱ አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ስለሚል ግን በጥንድ ቁጥር መጻፍ ይሻላል፦ 800 ሂጅራ በሴፕቴምበር 1397 ገብቶ በሴፕቴምበር 1398 የወጣ ስለሆነ 1397/98 ተብሎ ይጻፋል።

በእንስሳ ስም የተጻፈ ዓመት የባሰ ያስቸግራል፤ በየ12 ዓመቱ ይመለሳልና። የወርቃማው ኦርዳ ካን ሞንግኬ ቲሙር ለሩስ ቤተ ክርስቲያን የሰጠው ያርሊክ፣ ማለትም የካን የትእዛዝ ደብዳቤ፣ “የጥንቸል ዓመት” ይላል። 1267ም 1279ም የጥንቸል ዓመት ነው፤ ሁለቱም በእርሱ ዘመን ይወድቃሉ። አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚይዙት 1267ን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሁለቱንም ዓመት መዝግቦ የካኑን የንግሥና ዘመን ከጎኑ መጻፍ እንጂ አንዱን በግምት መምረጥ አይገባም።

ስሙን ከማዕረጉ ይነጥሉ

በሞንጎልኛና በቱርክኛ ማዕረግ ከስም በኋላ ይመጣል፦ ባይጁ ኖያን፣ ሱበዴይ ባሃዱር፣ ኤዲጉ ቤክ። ፋርሶችና ዓረቦች “አሚር”ን ከስሙ ፊት ያስቀምጣሉ። ኖያን በሞንጎልኛ፣ ቤክ በቱርክኛ፣ አሚር በዓረብኛ ለአንድ ዓይነት ሰው የሚውሉ ናቸው፤ የጦርና የነገድ አለቃ ማለት ነው። ስለዚህ በፋርስ ዜና መዋዕል አሚር ቹባን፣ በሌላ ምንጭ ቹባን ኖያን ቢል ሁለት ሰው አድርገው አይቁጠሩ።

ቀጥሎ የክብር ስሞችን ያወጣሉ። ባሃዱር (ጀግና)፣ ሜርገን (አነጣጣሪ)፣ ሴቼን (ብልህ) ሥራ አይደሉም፤ ማንም በነዚህ ስም ጦር አያዝም፣ ግብርም አይሰበስብም። የመጨረሻው ታላቅ ኢልካን አቡ ሰዒድ ራሱ ባሃዱር ካን ተብሏል። ታርካንም ሹመት አይደለም፣ የመብት ስም ነው፦ ከግብር ነጻ መሆን፣ ከምርኮና ከአደን የያዘውን ለራሱ ማስቀረት፣ ጥፋትም ቢሠራ እስከ ዘጠኝ ጊዜ መማር። ጄንጊስ ካን ይህን መብት ለባዳይና ለኪሺሊቅ ሰጥቷል፤ ሁለቱ ፈረስ ጠባቂዎች ነበሩ፣ የጠላት ሴራ ሰምተው በሌሊት ጋልበው የነገሩት። ታርካን የሚለውን በ“ሥራ” ዓምድ የሚያስገባ ሰው የሌለ መሥሪያ ቤት ይፈጥራል።

አራተኛው ዓምድ ዝምድና ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ኦግላን በቃሉ “ልጅ” ቢሆንም በደብዳቤዎች ውስጥ የጄንጊስ ዘር የሆነ መስፍን ማለት ነው፤ “ወንድ ልጆች” ብሎ የተረጎመ ሰው የመሳፍንቱን ረድፍ የሕፃናት ረድፍ ያደርገዋል። ኩረገን (በፋርስኛ ጉርካን) የካን ዘር ያገባ አማች ነው። ቲሙር ራሱን ካን አላለም፤ ካን መሆን የሚችለው በወንድ በኩል ከጄንጊስ የሚወለድ ብቻ ነበርና። በ1370 የቃዛን ካንን ልጅ ሳራይ ሙልክ ካኑምን አግብቶ “አሚር ቲሙር ኩረገን” ተባለ፤ ከጎኑም ሶዩርጋትሚሽንና ከእርሱ በኋላ ልጁን ሱልጣን ማሕሙድን የስም ካን አድርጎ አስቀመጠ። ኃያላኑ አሚሮች ማማይና ኤዲጉም በወርቃማው ኦርዳ ካን ሲሾሙና ሲሽሩ ኖረው እነሱ ካን አልሆኑም። “ቲሙር ካን” ወይም “ማማይ ካን” የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ደራሲው ይህን ዓምድ ባዶ እንደተወው ይወቁ።

ሴቶቹን አይርሱ። ካቱን የሚለው የካን ሚስትነትን ብቻ የሚያመለክት ሊመስል ይችላል፤ ካቱኖች ግን የየራሳቸው ኦርዶ፣ ማለትም የድንኳን ከተማ፣ የራሳቸው ሹማምንትና የራሳቸው ገቢ ነበራቸው። ቶረገኔ ከ1241 እስከ 1246 ግዛቱን በሞግዚትነት ገዝታለች፤ ጣይዱላም በወርቃማው ኦርዳ በ1340ዎቹና በ1350ዎቹ ለሩስ ቀሳውስት በራሷ ስም የመብት ደብዳቤ ሰጥታለች።

የቃሉን መጨረሻ ይመልከቱ

አማርኛ በር ከሚለው በረኛ፣ ፈረስ ከሚለው ፈረሰኛ እንደሚያወጣ ሁሉ ሞንጎልኛና ቱርክኛ “ቺ” ጨምረው የሠራተኛ ስም ያወጣሉ። ቆርቺ የካኑን የፍላጻ ኮረጆ ተሸካሚ፣ ኡልዱቺ ሰይፍ ያዥ፣ ዳራቺ መጠጥ አሳላፊ፣ ባላጋቺ በር ጠባቂ፣ ቴመቺ ግመል ጠባቂ፣ ቆኒቺ በግ ጠባቂ፣ ቁሽቺ ጭልፊት አሳዳሪ ነው። በጽሕፈትና በፍርድ በኩል ቢቲክቺ ጸሐፊ፣ ያርጉቺ ዳኛ፣ ታምጋቺ የንግድ ቀረጥ ተቀባይ፣ ያምቺ የመልእክት ጣቢያ ኃላፊ፣ ኤልቺ መልእክተኛ ነው።

ሌላው መጨረሻ “ውል” ነው፤ ይህ ከሞላ ጎደል የሰልፍና የመንገድ ሥራ ነው። ቃራውል ቃፊር፣ ቱትቃውል መንገድ ጠባቂ፣ ያሳውል ሰልፍና ሥርዓት አስከባሪ፣ ቡካውል የጦሩን ስንቅና የምርኮ ድልድል የሚቆጣጠር። ቡካውልን ቀምሶ አቅራቢ ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ በቤተ መንግሥት ማዕድ ላይ ይህ ሊያስኬድ ይችላል፣ በጦር ሰፈር ግን የደመወዝና የስንቅ ሹም ነው።

ይህ ዘዴ ወጥመድም አለው። “ቺ” ላይ ያለቀ ስም ሁሉ ማዕረግ አይደለም፤ የጄንጊስ የበኩር ልጅ ጆቺ ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ቃሉን አውጥተው ሲያነቡ ሰውየው ስም ከቀረው ማዕረግ ነበር፤ ስም አልባ ከሆነ ስሙ ነበር።

ቁጥሩን እንደ ቁጥር አያንብቡ

ጦሩ በአሥር የተዋቀረ ነው፦ አርባን 10፣ ጃጉን 100፣ ሚንጋን 1,000፣ ቱመን 10,000። በቱርክኛ ኦን፣ ዩዝ፣ ሚንግ፣ ቱመን። አማርኛ ለዚህ የታደለ ነው፤ የአሥር አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሺ አለቃ፣ የእልፍ አለቃ ብሎ ሳይጨነቁ መተርጎም ይቻላል፤ እልፍ በትክክል 10,000 ነውና። “ሻለቃ” ግን ዛሬ የመኮንን ማዕረግ ስለሆነ አንባቢን ያሳስታል፣ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ስህተቱ የሚመጣው አለቆቹን ቆጥሮ በሺ ሲያባዙ ነው። ጄንጊስ በ1206 በኦኖን ወንዝ ጉባኤ ላይ 95 የሺ አለቆች ሾመ፤ ከዚህ ተነሥቶ 95,000 ወታደር ነበረው ማለት ግን ጣሪያውን እንደ ልክ መውሰድ ነው። ሺ የሚባለው ሺ ወታደር ያወጣል ተብሎ የተመደበ የቤተሰብ ስብስብ ነበር። ዩዋን ይህን በሕግ አስፍሮታል፦ ከፍተኛ የእልፍ አለቃ 7,000 እና ከዚያ በላይ፣ መካከለኛው 5,000፣ ዝቅተኛው 3,000 ሰው ያዛል፤ የሺ አለቃውም 700፣ 500 ወይም 300። ስለዚህ ምንጩ “ሦስት ቱመን ዘመተ” ሲል ከ9,000 እስከ 30,000 ያለ ነገር ብለው ይያዙ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ለመስጠት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ቱመን ከዚህም ሌላ ሁለት ትርጉም አለው። በኢራንና በማወራእንነህር (ከአሙ ዳርያ ወንዝ ማዶ ባለው አገር) የግብር ወረዳ ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ደግሞ 10,000 ዲናር ነው። “አምስት ቱመን ላከለት” የሚል ዐረፍተ ነገር ጦር ይሁን ገንዘብ የሚታወቀው ከግሡና ከተቀባዩ ነው። ተቀባዩ የዲቫን፣ ማለትም የገንዘብና የመዝገብ መሥሪያ ቤት፣ ሹም ከሆነ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ነው።

ቀኝና ግራ

የካን ድንኳን በሩ ወደ ደቡብ ነው። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው ቀኙ ምዕራብ፣ ግራው ምሥራቅ ይሆንለታል፤ ካርታ ላይ ከምናየው ተቃራኒ ማለት ነው። በ1206 ቦኦርቹ የቀኝ እልፍ ሲሾም ወደ አልታይ ተራሮች ያለውን ያዘ፤ ሙቃሊ የግራ እልፍ ሆኖ ምሥራቁን፣ ናያአ መካከለኛውን። በሞንጎሎች ዘንድ ቀኝ ከግራ ይበልጣል። በዩዋን ቤተ መንግሥትም የቀኝ ቺንግሳንግ፣ ማለትም ዋና ሚኒስትር፣ ከግራው ይቀድማል። የግራውን ያስበልጡ የነበሩ የቻይና ሥርወ መንግሥታትን ልማድ ይዞ ዩዋንን የሚያነብ ሰው ሁለተኛውን ሰው አንደኛ አድርጎ ይጽፋል።

ኬሽግ፦ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው

እስካሁን ያለው ሁሉ ቅርፊት ነው። የሥልጣን ፍሬው ያለው ኬሽግ ውስጥ ነው፤ ኬሽግ የካኑ ተረኛ ዘብም፣ የግቢ አገልጋይም፣ የወደፊት ገዢዎች ማሠልጠኛም ነበር። ከ1206 ቀደም ብሎ 80 የሌሊት ዘብና 70 የቀን ዘብ ነበሩ። በ1206 ወደ 10,000 ከፍ አለ፦ 1,000 የሌሊት ዘብ (ከብቴዑል)፣ 1,000 ቆርቺ፣ 8,000 የቀን ዘብ (ቱርጋውድ)።

ሰዎቹ የመጡበት መንገድ ራሱ ብዙ ይናገራል። የሺ አለቃ ልጅ ሲገባ አንድ ታናሽ ወንድሙንና አሥር ባልንጀሮች፣ የመቶ አለቃ ልጅ ወንድሙንና አምስት፣ የአሥር አለቃ ወይም የተራ ሰው ልጅ ወንድሙንና ሦስት ይዞ ይገባል። አባትየው በዳር አገር ጦር ይዞ ሳለ ልጁ በካኑ ድንኳን ነው፤ ሹመትም መያዣም በአንድ ላይ።

ጥበቃው በአራት ተራ የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ተራ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይቆማል። ተራውን ያጓደለ ዘብ መጀመሪያ 3 ዱላ፣ ሁለተኛ 7፣ ሦስተኛ 37 ይመታና ከፊት ይባረራል። የተራው አለቃ ይህን ሕግ በየቅያሬው ጮኾ ማንበብ ግዴታው ነው፤ ካላነበበ ጥፋተኛው ራሱ ነው። የሌሊት ዘቡን ቁጥር መጠየቅ ክልክል ነበር።

ለአንባቢ ትልቁ ቁልፍ ደግሞ ይህ ነው፦ ጄንጊስ ተራ የኬሽግ ዘብ ከውጭ የሺ አለቃ እንዲበልጥ ደነገገ። ሁለቱ ቢጣሉ የሚቀጣው የሺ አለቃው ነው። ስለዚህ በአንድ ሰነድ ላይ “የሺ አለቃ እገሌ” እና “ቆርቺ እገሌ” አብረው ሲጠቀሱ ቁጥር ያለውን ላይ፣ ኮረጆ ተሸካሚውን ታች ማድረግ ዓይን ያወጣ ስህተት ነው። ባዑርቺው ጦር የመራውም በዚሁ ደንብ ነው፤ የካኑን ምግብ በእጁ የሚያሳልፍ ሰው መርዝ የማይፈራበት ሰው ነው፣ እንዲህ የታመነ ሰው ጦርም ይታመናል።

የአራቱ ተራ አለቅነት በዩዋን ዘመን ለቦሮጉል፣ ለቦኦርቹ፣ ለሙቃሊና ለቺላውን ዘሮች የሚተላለፍ ነበር። የዩዋን የጽሕፈት ቤት ሰነድ ሲያገኙ መጀመሪያውን መስመር አይዝለሉ፤ “የዬኬ ኬሽግ ሁለተኛ ቀን” ዓይነት መግቢያ ይኖረዋል፣ ቀጥሎም ካኑ የነበረበት ቦታና በፊቱ የቆሙ ሰዎች ስም ይዘረዘራል። ይህ የፊርማ ያህል ነው፤ ውሳኔው ሲወሰን ማን እንደነበረ ይናገራል። ሚኒስትሮቹ ከውጭ ሆነው ያዘጋጁትን ነገር በዚያ ቀን ተረኛ የነበረ ሰይፍ ያዥ ሊያሰናክለው ይችል ነበር። ኢራን ውስጥ በጋዛን ዘመን (1295–1304) አራቱ የኬሽግ አሚሮች እያንዳንዳቸው ቃራ ታምጋ፣ ጥቁር ማኅተም፣ ነበራቸው፤ በትእዛዙ ጀርባ ላይ ያትሙበታል። የሰነዱ ጀርባ ካልተነበበ የሰነዱ ግማሽ አልተነበበም።

ማኅተም፣ ሰሌዳና የመጀመሪያው መስመር

ፓይዛ ባለሥልጣኑ የሚይዘው ሰሌዳ ነው። በዩዋን ደንብ የእልፍ አለቃ የነብር ራስ ያለበት ወርቅ፣ የሺ አለቃ ወርቅ፣ የመቶ አለቃ ብር ይይዛል። ጽሑፍ ውስጥ “የብር ሰሌዳ የያዘ” የተባለን ሰው በእልፍ አለቅነት መመዝገብ አይቻልም። ነገር ግን ፓይዛ ለመልእክተኛና ለነጋዴም ይሰጥ ስለነበር ሰሌዳ ይዟል ማለት ብቻውን ሹም ነው አያሰኝም።

የደብዳቤውን አከፋፈት ልብ ይበሉ። “ያርሊክ” ብሎ የሚከፍት የበላዩ ካን ነው። ከሥሩ ያለው መስፍን ወይም አሚር “ቃላችን” ብሎ ይከፍታል፤ በሞንጎልኛ ኡገ ማኑ፣ በቱርክኛ ሶዙሚዝ። ኢልካኑ አርጉን በ1289 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ሲጽፍ የዘላለም ሰማይን ኃይልና የታላቁን ካን ዕድል ካስቀደመ በኋላ “አርጉን፣ ቃላችን” አለ። ኢራንን የሚገዛ ሰው በቤይጂንግ ካለው በታች መሆኑን በራሱ ደብዳቤ እየመሰከረ ነው። ጊዜው እየቆየ ሲሄድ ግን ይህ ልዩነት ላልቷል፤ የወርቃማው ኦርዳ ካን ቶክታሚሽ ያለ በላይ ገዢ ሆኖም “ቶክታሚሽ፣ ቃሌ” ይል ነበር። ስለዚህ ይህን መለኪያ ከ13ኛው መቶ ዘመን በኋላ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት።

አገረ ገዢዎችና ዲቫን

ዳሩጋቺ በሞንጎልኛ፣ ባስቃቅ በቱርክኛ፣ ሺህና በዓረብና በፋርስ ጽሑፎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሹም ነው፦ በተያዘ አገር የካኑ ዓይንና ማኅተም። ሥራው ሕዝብ መቁጠር፣ ወታደር መመልመል፣ የመልእክት ጣቢያ ማቆም፣ ግብር ማሰባሰብና ወደ ካኑ ማድረስ ነበር። የአገሩ ተወላጅ ገዢ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ማኅተሙ ግን በዳሩጋቺው እጅ ነው። ዩዋን በ1265 ደንግጎ የየአውራጃው ዳሩጋቺ ሞንጎል፣ አስተዳዳሪው ቻይናዊ፣ ምክትሉ ሙስሊም እንዲሆን አደረገ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ። የድንበር ጦር አዛዥ ከዳሩጋቺ የተለየ ነው፤ እርሱ ታማ የሚባለውን ሰፋሪ ጦር የሚመራ ሲሆን በኢራን ቾርማቃን፣ ከእርሱም በኋላ በ1243 ኮሴ ዳግ ላይ የአናቶሊያን (የዛሬዋን ቱርክ) ሰልጁቆች ያሸነፈው ባይጁ እንዲህ ነበሩ።

የዲቫን ሰዎችን በሌላ ረድፍ ይጻፏቸው። በኢልካኖች ዘንድ ቬዚሩ (ሳሒብ ዲቫን) የገንዘብና የመዝገብ አለቃ ነው፤ ሀብቱ የበዛ፣ ጠባቂ ጦር የሌለው። ሸምሰዲን ጁወይኒ በ1284፣ ሰዕድ አድ ዳውላ በ1291፣ ሰድረዲን ዘንጃኒ በ1298፣ ረሺደዲን በ1318 ተገደሉ፤ በ1324 በአልጋው ላይ የሞተው ታጀዲን ዓሊሻህ ከነዚያ ቬዚሮች መካከል ብቸኛው ነው። በወርቃማው ኦርዳም ቬዚር ነበረ፤ የጦሩና የውጭ ጉዳዩ አለቃ ግን ቤክላሪ ቤክ የሚባለው፣ ከአራቱ የኡሉስ (የግዛቱ) ቤኮች ከፍተኛው ነበር። ቬዚርን ባየንበት ሁሉ “ከካኑ ቀጥሎ ያለ ሰው” ብሎ መጻፍ ከሌሎች እስላማዊ መንግሥታት የተወሰደ ልማድ ነው፤ እዚህ አይሠራም።

በአንድ ሰው ላይ ሲሞከር

ቡቃ የተባለውን የጃላይር ነገድ ሰው እንውሰድ። በ1284 አርጉንን ከእስር አውጥቶ ለኢልካንነት ያበቃው እርሱ ነው። በ“ሥራ” ዓምድ አሚርና የመንግሥቱ ሁሉ አስተዳዳሪ ይጻፋል። በ“ክብር” ዓምድ ቺንግሳንግ፦ ይህን በ1286 የሰጠው ታላቁ ካን ኩብላይ ነው፤ ምንጩ ቻይና ስለሆነ ኢራን ውስጥ ቦታው ሥራ ሳይሆን ክብር ላይ ነው። እዚያው ዓምድ ላይ እስከ ዘጠኝ ጥፋት የመማር መብት ይታከላል። ማኅተሙን ሲያዩ ደግሞ ነገሩ ይገለጣል፦ የካኑ ትእዛዝ የቡቃ ቀይ ማኅተም (አል ታምጋ) ካላረፈበት አይፈጸምም፣ የቡቃ ትእዛዝ ግን የካኑን አይጠብቅም ነበር። ወንድሙ አሩቅ ባግዳድን ይዟል። “ዝምድና” ዓምዱ ባዶ ነው፤ የጄንጊስ ዘር አይደለም። ይህን መስመር አንብቦ የጨረሰ ሰው በ1289 መጀመሪያ ለምን እንደተገደለ ዜና መዋዕሉ ሳይነግረው ይገምታል። ዘጠኙ ምሕረትም አላዳነውም።

በደብዳቤ ላይ ሲሞከር

የወርቃማው ኦርዳ ካን ቲሙር ቁትሉግ በ800 ሂጅራ ለአንድ የክሪሚያ ሰው የሰጠው የታርካንነት ያርሊክ ለልምምድ የሚሆን ጥሩ ጽሑፍ ነው። አድራሻው በግርድፉ እንዲህ ይወርዳል፦ የቀኝና የግራ ክንፍ ኦግላኖች፤ ኤዲጉ የሚመራቸው የእልፍ፣ የሺ፣ የመቶና የአሥር ቤኮች፤ ዳሩጋዎች፤ ቃዲዎችና ሙፍቲዎች፤ ሼኾችና ሱፊዎች፤ የዲቫን ጸሐፍት፤ ታምጋቺዎችና ሚዛን ጠባቂዎች፤ ያምቺዎች፤ ቡካውሎችና ቱትቃውሎች፤ ጭልፊት አሳዳሪዎች፤ ጀልበኞችና ድልድይ ጠባቂዎች፤ የገበያ ሰዎች።

መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ደም፣ ጦር፣ አገረ ገዢ፣ ሃይማኖት፣ መዝገብ፣ መንገድ። ኤዲጉ በስሙ የተጠራ ብቸኛ ቤክ መሆኑ ግዛቱ በማን እጅ እንደነበር ያሳያል። ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያንብቡት፦ እያንዳንዱ ሹም ከዚህ ሰው አንድ ነገር ሊወስድ የሚችል ሰው ነው። ታምጋቺው ቀረጥ፣ ያምቺው ፈረስ፣ ቡካውሉ ስንቅ፣ ድልድይ ጠባቂው መሻገሪያ። ደብዳቤው ወረድ ብሎ ነጻ የሚያደርጋቸውን ግዴታዎች ሲዘረዝር ሹሙን ከግዴታው ጋር በመስመር ያገናኙ። ያርሊክ ውስጥ ትርጉሙ የጠፋ የሹመት ስም ካለ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥንድ ያጣው ግዴታ የእርሱ ነው። የአድራሻውን ዝርዝር እንደ ሙሉ የመንግሥት መዋቅር መውሰድ ግን አይቻልም። የካኑ መጠጥ አሳላፊ እዚያ ውስጥ የለም፤ ክሪሚያ ያለ ገበሬ በር ላይ የሚመጣ ሰው አይደለምና።

የማምሉክ ግብፅ፦ ተመሳሳይ ቃል፣ ሌላ ሒሳብ

ከ1250 እስከ 1517 ግብፅንና ሶርያን የገዙት ማምሉኮችም (በባርነት ተገዝተው ለጦር የሠለጠኑ ወታደሮች) በመጀመሪያው ዘመናቸው በአብዛኛው ከቱርክ ስቴፕ፣ ማለትም ከሰፊው የሣር ሜዳ፣ የመጡ ነበሩ፣ ማዕረጋቸውም ይመስላል። የአሥር አሚር፣ የአርባ አሚር፣ የመቶ አሚር ይላሉ። እዚህ ቁጥሩ አሚሩ በራሱ ወጪ የሚያኖራቸው ማምሉኮች ነው። የመቶው አሚር በዘመቻ ጊዜ አንድ ሺ የሐልቃ (ማምሉክ ያልሆነ ነጻ) ወታደር ስለሚመራ ሙሉ ማዕረጉ “የመቶ አሚር፣ የሺ መሪ” ነው፤ ከመንግሥቱ ቁንጮዎች አንዱ ማለት ነው። የሞንጎሉን የመቶ አለቃ ከእርሱ ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀመጠ ሠንጠረዥ ተራ የጦር አለቃን ከሱልጣን ዙፋን ሥር ያስቀምጣል። የአርባው አሚር ጣብልኻና ይባላል፤ በደጃፉ ነጋሪት የማስመታት መብት ስላለው።

በማምሉክ ዕቃዎች ላይ የሚታየው ዓርማም ያግዛል፤ ጽዋ ለሳቂ (መጠጥ አሳላፊ)፣ የቀለም ሣጥን ለዳዋዳር (የሱልጣኑ ጸሐፊ)፣ ሰይፍ ለሲላሕዳር፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ለጀምዳር (ልብስ አልባሽ)፣ የፖሎ ዱላ ለጁካንዳር። ዓርማው አሚሩ በወጣትነቱ በሱልጣኑ እልፍኝ የያዘውን ሥራ የሚያመለክት ስለሆነ በነሐስ ሰታቴ ላይ ጽዋ ያየ ሰው ባለቤቱ ዕቃው ሲሠራ መጠጥ አሳላፊ ነበር ብሎ መደምደም የለበትም። በዚያን ጊዜ የሶርያ አገረ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ የወቅቱን ሹመት የሚነግረው በዕቃው ዙሪያ የተቀረጸው የዓረብኛ ጽሑፍ ነው።